ከእምብርት እስከ ጉልበት

ቡታጅራ ውስጥ ኡበይድን በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነበር። «ሆድ አንባቢው» ነው የሚሉት። ከመናኸሪያው ወረድ ብላ በምትገኘው የዶክተር ሰይፉ ክሊኒክ፣ በስተኋላ በኩል፣ መስኮቷ በወፍራም መጋረጃ የተሸፈነ አንዲት ክፍል አለች። አልትራሳውንድ የተባለችው መሣሪያ ያለችው እዚያ ነው፤ የኡበይድም ጉልምስና ያለቀው እዚያው ነው። ጎኑን የወጋው፣ ሆዱ የተነፋው፣ ያረገዘችውም ማርገዝ ያቃታትም ከመስቃን፣ ከማረቆና ከስልጤ እየመጡ በዚያች ጠባብ አልጋ ላይ ይጋደማሉ። ኡበይድ ቀዝቃዛውን ቅባት ሆዳቸው ላይ ያፈስና የመሣሪያዋን እጀታ ያንሸራትትበታል። ስክሪኑ ላይ ግራጫና ጥቁር ነገር ይተራመሳል። የተኛው ሰው ምንም አይገባውም። ኡበይድ ግን ገብቶት አንድ ወረቀት ላይ ይጽፍለታል፣ ሰውየውም ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ይወጣል።

ሐኪም የነገረውን የሚጠራጠር ሰው ሞልቷል። «በአልትራሳውንድ ታይቷል» ከተባለ ግን ክርክር የለም። ዓይን ያየውን ማን ይክዳል? የሚያየው ዓይን የመሣሪያዋ ሳይሆን የኡበይድ መሆኑን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

አንድ ጊዜ ብቻ ከተማው ስቆበታል። በሚሌኒየሙ ዓመት የአንድ ቆርቆሮ ነጋዴ ሚስት አርግዛ መጣችና «ሴት ናት» አላት። ባልየው ሮዝ ልብስ በሮዝ ላይ ገዝቶ ሲጠብቅ ወንድ ተወለደ። ሰውየው ተቆጥቶ ቢመጣ በተሻለ። እየሳቀ መጣ። ሕፃኑን ሮዝ እንዳለበሰው ይዞት ገባና፣ ወረፋ የያዘው ሕዝብ ሁሉ እያየ፣ መጠቅለያውን ገልጦ «እስቲ አንብብ» አለው። ሳምንት ሙሉ በየሻይ ቤቱ ተሳቀ። ሰው ከስህተቱ ይማራል ይባላል፣ ኡበይድም ተምሯል። የተማረው ግን የሚያመነታ ሰው እንደሚሳቅበት ነው። ከዚያ ወዲህ ያልገባውን ነገር ሲጽፍ፣ ከገባው ይልቅ አስረግጦ ይጽፍ ጀመር።

ሙያውን አያውቅም እንዳይባል ያውቃል። አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ራጅ ተምሯል፣ ወልቂጤ አራት ዓመት ሠርቷል፣ ለአልትራሳውንዱም ለብቻው ሥልጠና ወስዷል። ያሠለጠኑት ሽማግሌ አስተማሪ፣ ስክሪን ላይ የሚታይ ጥቁር ነገር ሁሉ በሽታ እንዳልሆነ፣ መሣሪያ ራሷ የምትፈጥረው ውሸት እንዳለ ደጋግመው ነግረውታል። ድንጋይ ከኋላው ጥላ ይጥላል፣ አየር ምስሉን ይበጠብጠዋል፣ ያረጀ እጀታ የሌለ ነገር ይስላል። መለያው ደግሞ ቀላል ነው። «እጅህን አንቀሳቅስ» ይሉት ነበር። «የመሣሪያዋ ጥላ ከሆነ ከእጅህ ጋር አብሮ ይሄዳል። በሽታ ከሆነ ካለበት ንቅንቅ አይልም።» ኡበይድ ይህችን ቃል ከአባቱ ምክር እኩል ይዟት ኖሯል።

በ2002 መጀመሪያ ላይ እጀታዋ ከእጁ አምልጣ ሲሚንቶ ላይ ወደቀች። ላይዋ አልተሰነጠቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከስክሪኑ መሀል ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ አንድ ጥቁር ሰንበር ወጣ። ለዶክተር ሰይፉ ነገረው። ዶክተሩ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ አለ፤ ይመጣል ሲባል ዓመት አለፈ። ሰው የማይለምደው ነገር የለምና ኡበይድም ለመደው። መነጽሩ ላይ ጭረት እንዳለበት ሰው ጭረቱን እያለፈ ያይ ጀመር።

አሁን ወደ አማቱ እንምጣ። አባባ ሰይዶ በቡታጅራ ገበያ ስማቸው የታወቀ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያቸው አፈር የማይነካው ሰው። ቁምነገር ካልሆነ አይናገሩም፣ ከተናገሩም አይደግሙም። ኡበይድ ትልቋን ልጃቸውን ነዒማን አግብቷል። የአማትና የአማች ነገር ደግሞ በዚህ አገር ቀልድ አይደለም። አማች በአማቱ ፊት እግሩን አያነባብርም፣ ጮክ ብሎ አይስቅም፣ ከወገብ በታች ያለ ነገር ስሙ እንኳ አይነሳም። አማትም በተራው አማቹን ያፍራል። አባባ ሰይዶ በስምንት ዓመት ውስጥ ኡበይድን አንድ ቀን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። ልጁ ሳሌሃ ሳትወለድ «የነዒማ ባለቤት» ይሉት ነበር፣ ከተወለደች በኋላ «የሳሌሃ አባት» ሆነ።

ሁለቱ ገበያ መሀል ድንገት ከተገጣጠሙ፣ መንገድ ለመልቀቅ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ዘወር ይሉና መልሰው ይጋጠማሉ። አንድ ጊዜ ከወልቂጤ በአረቅጥ አድርጎ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ቦታ ደረሳቸው። ጉልበት ከጉልበት እንዳይነካካ ሁለቱም ተኮራምተው፣ ሰላምታ ከተለዋወጡ ወዲያ ቡታጅራ እስኪደርሱ ቃል አልተነፈሱም። ሲወርዱ ኡበይድ እግሩ ደንዝዞ ያነክሳል፤ ዞር ብሎ ቢያይ አማቱም ያነክሳሉ። ነዒማ ይህ በተነሳ ቁጥር እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። ይዋደዱ ነበር፣ አለመዋደድ አይምሰላችሁ። መዋደዳቸውን የሚገልጹት ግን በመተፋፈር ነበር።

በ2003 ጥቅምት ላይ ነዒማ አባቷ ላይ አንድ ነገር አየች። መስጊድ፣ ለሶላት የሚታጠቡበት ውዱእ ማድረጊያ ጋ፣ ከሰው ሁሉ ቀድመው ገብተው ከሰው ሁሉ ኋላ ይወጣሉ። ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው እያወሩ ድንገት ብድግ ይሉና ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ፊታቸው ላይ እፎይታ አይታይም። መንገድ የሚሄዱ ከሆነ ከማለዳ ጀምሮ ውሃ አይቀምሱም። ስትጠይቃቸው ብርድ ነው አሏት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይህኛው በሽታ ግን ለሴት ልጅ የሚነገር አልሆነላቸውም። በመጨረሻ ያወጣጣቸው ወንድ ልጃቸው ሙባሪክ ነው። ሽንት ያጣድፋቸዋል፣ ሲቀመጡለት ደግሞ ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም።

ሙባሪክ አባቱን ወዴት ልውሰዳቸው ብሎ ሲያስብ ባዳ እንዲያያቸው አልፈለገም። የራሳችን ሰው እያለ ለምን አለና ኡበይድን አማከረው። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ባዳ ቢሆን ኖሮ ያለ ይሉኝታ ያገላብጣቸው ነበር። ዓይኑን በጨው የታጠበ አንድ ደፋር ቢያገኙ ለአባባ ሰይዶ ይሻላቸው ነበር።

ለዚህ ምርመራ ለሚመጣ ወንድ ሁሉ ኡበይድ የሚላት የታወቀች ቃል አለች። ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠጣ፣ ሽንትህን ይዘህ ና። ፊኛው ሲሞላ እንደ መስኮት ያገለግላል፣ ከበታቹ ያለው ፕሮስቴት የሚባለው እጢ በእሱ በኩል ይታያል። ፊኛው ባዶ ከሆነ በተዘጋ መስኮት ማየት ነው። ይህን ለስንቱ ገበሬ፣ ለስንቱ ሾፌር እንደ ሰላምታ ሲለው የኖረ ሰው፣ ለአማቱ ሲሆን ሽንት የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣ አለው። በሙባሪክ በኩል መላክ ይችል ነበር፤ እሱም ከበደው። ጠዋት ይምጡ ብቻ አለ።

አባባ ሰይዶም በበኩላቸው የራሳቸውን ጥንቃቄ አደረጉ። በአማቻቸው አልጋ ላይ አንድ ጠብታ እንዳያመልጣቸው ፈርተው፣ ወደ ክሊኒኩ ከመምጣታቸው በፊት መስጊድ ገብተው ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ያለችውን ሁሉ አንጠፍጥፈው መጡ።

ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ከሙባሪክ ጋር ገቡ። ኡበይድ ለሙባሪክ ወንበር ቢያሳየው አባትየው በዓይናቸው ወደ በሩ ጠቆሙትና ወጣ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ከእምብርት እስከ ጉልበት ያለው የወንድ ልጅ ገላ ዐውራ ነው፣ ለሰው አይገለጥም። ለሕክምና ሲሆን እንደሚፈቀድ ኡበይድ ያውቃል፤ በቀን አሥር ሰው ይገልጣል፣ ልቡም አይመታም። ያን ጠዋት ግን ንጹሕ አንሶላ አውጥቶ አማቱን ከደረት እስከ እግር ሸፈናቸውና እጀታውን በአንሶላው ሥር ሰደደ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሱ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተከለ።

ፊኛው ባዶ ነበር። ኡበይድ ማለት የነበረበት፣ «አባባ፣ ውጭ ቁጭ ይበሉና ውሃ ይጠጡ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና እናያለን» ነበር። አላለም። እጀታውን ወደ ታች ዝቅ አድርጎ ከአጥንቱ በላይ ጫን ማለት ነበረበት። ጫን አላለም። እጢው በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ነገር ታየው፣ ማበጡ ግን ያስታውቃል። በቀኙ ጠርዝ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ነበር። ሰንበሩ የሚያልፍበት ቦታ ነው ለማለት ይቻላል። ለማለት ይቻላል እንጂ ልክ እዚያ አልነበረም። ሰንበሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ይህኛው ጎኑ ቆዘር ያለ ነበር።

ኡበይድ አየው። ይህ መታወቅ አለበት። አላየሁም ሊል አይችልም። ያየው ብቻ አይደለም፣ የአስተማሪው ቃልም ትዝ ብሎታል። እጁን አንድ ስንዝር ማንቀሳቀስ ብቻ ነበር የቀረው። ለማንቀሳቀስ ግን አንሶላውን መግለጥ ነበረበት።

«ጨረስክ?» አሉ አባባ ሰይዶ፣ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳይመልሱ።

«አለቀ አባባ» አለ ኡበይድ።

ሦስት ደቂቃ አልሞላም። እንደ ልማዱ ምስሏን በትንሿ አንጸባራቂ ወረቀት ላይ አተመ። ከዚያ ሪፖርቱን ጻፈ፤ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የፕሮስቴት እብጠት፣ ሌላ የሚያሰጋ ነገር አልታየም። የእጅ ጽሑፉ ያን ቀን ከሌላው ቀን ሁሉ ያማረ ነበር።

ዶክተር ሰይፉ ሪፖርቱን አይቶ እንክብል አዘዘላቸው። ለጊዜው ሽንቱ ቀለል አላቸው፣ ቤቱም ደስ አለው። አባባ ሰይዶ ለአማቻቸው አንድ ጆንያ ምርጥ ዛላ በርበሬ ላኩ፣ ቃል ሳይጨምሩበት። ነዒማ ጆንያውን ስትፈታ ኡበይድ አስነጠሰውና ወደ ጓሮ ወጣ። እዚያ ቆሞ ያችን ቆዘር ያለች ጥቁር ነገር አሰባት። እንደገና ልያቸው ቢልስ? ምን ብሎ? አለቀ ብያለሁ። ሙባሪክ ቢጠይቀኝ ምን ልለው ነው? በሚቀጥለው ወር ምክንያት እፈጥራለሁ አለ። በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ አለ። አስፋልቱ ላይ ባጃጅ በዝቶ መንገድ መሻገር አስቸጋሪ በሆነበት በዚያ ዓመት፣ አማቱን ከሩቅ ባየ ቁጥር መንገድ ይሻገር ነበር።

በ2004 ግንቦት ላይ የአባባ ሰይዶ ወገብ ተያዘ። ጆንያ አንስተው ነው ተባለ። ወጌሻ መጥቶ አሸ። ሰኔ ሲገባ ግራ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። ሙባሪክ አዲስ አበባ ሊወስዳቸው ሲነሳ፣ ሕክምና የሚያውቅ ሰው አብሮን ይሂድ ብሎ ኡበይድን ያዘው። እንዴት እምቢ ይበል?

እዚያ ኤምአርአይ ተነሱ። በማግስቱ የምስሉ ስፔሻሊስት፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ጎልማሳ ሰው፣ ሙባሪክንና ኡበይድን ወደ ቢሮው አስገባ። ሕመምተኛው ውጭ ወንበር ላይ ነበሩ። ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ፣ በሽታው ከፕሮስቴት ተነስቶ የጀርባ አጥንታቸው ውስጥ እንደገባ፣ ስሙም ካንሰር እንደሆነ ሳይቸኩል ነገራቸው። ማዳን ባይቻልም ማስታገስ እንደሚቻል ነገራቸው። ከዚያ ከአሁን በፊት የተነሱት ነገር ካለ ጠየቀ። ሙባሪክ የአባቱን ወረቀት ሁሉ በፌስታል ይዟል። ያችን አንጸባራቂ ወረቀት አውጥቶ ሰጠው። ስፔሻሊስቱ ወደ መስኮቱ አዘንብሎ አያት፣ በስክሪብቶው ጫፍም ነካት።

«ይሄ እኮ እዚህ ነበር» አለ። «ይሄ ረጅሙ ሰንበር የመሣሪያ ነው። ይሄኛው ግን አይደለም። በዚህ ብቻ ካንሰር ነው ማለት አይቻልም፣ ፊኛውም ባዶ ነው። ግን እንደገና መታየትና ለደም ምርመራ መላክ ነበረበት። ማነው ያነሳው?»

ሙባሪክ ወደ ኡበይድ ዞረ። ሊያጋልጠው አልነበረም። ባለሙያ ለባለሙያ ይመልስ ብሎ ነው። ኡበይድ ዓይኑን ወረቀቷ ላይ ተከለ።

«ቡታጅራ ነው» አለ።

አንድ ከተማ ሙሉ አነሳው ማለት ነው። ስፔሻሊስቱ የክፍለ ሀገር መሣሪያ ነገር ብሎ ራሱን ነቀነቀና ወረቀቷን መለሰ። ኡበይድ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ሙባሪክ ክንዱን ያዘው። ገመናችንን ለባዳ አለመንገርህ ደግ አደረግህ፣ መሣሪያዋ ናት ያሳሳተችህ፣ አንተ ምን ታደርግ አለው። ኡበይድ የቀረበለትን ምሕረት ዝም ብሎ ወሰደ፣ እንደ ሌባ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ይህን ነው። ወደ ቡታጅራ ሲመለሱ ነገሩ በቤተሰቡ ዘንድ የመሣሪያዋ ጥፋት ሆኖ ተደመደመ። ኡበይድ በማግስቱ ክሊኒክ ገብቶ እጀታዋን ነቀለና ዶክተር ሰይፉ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት። ሌላ ካልመጣ ሰው አልነካም አለ። ወደ ሦስት ዓመት ያህል ያልመጣው እጀታ በሳምንቱ መጣ። ሰንበሩ ከስክሪኑ ጠፋ። ኡበይድ ግን ሰው በተኛ ቁጥር ዓይኑ ያንን ቦታ ይፈልግ ነበር፣ ማታ ነዒማ ስለ አባቷ ስታወራውም ዓይኗን ማየት ተሳነው።

አባባ ሰይዶ አልጋ ያዙ። ኡበይድ በየሁለት ቀኑ ይሄድና ደጃፉ ላይ ቆሞ አሰላሙ ዓለይኩም ብሎ፣ ጤናቸውን ጠይቆ፣ ሥራ አለብኝ ብሎ ይወጣል። ሰው ማፈሩን ያየዋል፣ የአማች ወግ ነው ይለዋል። እንዲያውም ያመሰግኑት ነበር። ምስጋናው ከስድብ ይልቅ አቃጠለው።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ግን ነዒማ ግባና ተቀመጥ ብላ ያዘችው። ክፍሉ ውስጥ አባትየው፣ ሙባሪክ፣ ነዒማና እሱ ብቻ ነበሩ። ሙባሪክ እንደ ልማዱ ያችን መሣሪያ ማማት ጀመረ። አባባ ሰይዶ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት።

«መሣሪያዋን ተዋት» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ፊኛዬ ባዶ ነበር አላሉህም አዲስ አበባ? እኔ ነኝ ባዶ ያደረግሁት። የሳሌሃ አባት አልጋ ላይ እንዳላፍር ብዬ መስጊድ ገብቼ አንጠፍጥፌ መጣሁ። ባዶ ቤት አሳይቼው እሱ ምን ይይ?»

ነዒማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሙባሪክ ግን ተናደደ። ምን ነካዎት አባባ አለ፣ በገዛ እጅዎ ነዋ፣ ለዚች ለዚች ተብሎ ይታፈራል ወይ አለ። ድምፁም ከፍ አለ። በሕይወታቸው ማንም ተቆጥቷቸው የማያውቅ እኚያ ረጅም ሰው፣ ልጃቸው ሲቆጣቸው አንገታቸውን ደፉ። ብርድ ልብሱን ወደ ደረታቸው ሳቡት። ጥፋተኛ መስለው ነበር።

ኡበይድ ይህን ማየት አልቻለም። አዲስ አበባ ላይ የከዳው ምላሱ እዚህ ተፈታ።

«አባባ፣ አይቼዋለሁ» አለ።

ሙባሪክ ወደ እሱ ዞረ።

«ጥቁሩን ነገር ያን ቀን አይቼዋለሁ። የመሣሪያዋ ይሁን የእርስዎ ለመለየት እጄን ማንቀሳቀስ ነበረብኝ፣ አንሶላውን መግለጥ አፈርኩ። ውሃ ጠጥተው ይምጡ ማለት አፈርኩ። ከዚያም ይመለሱና ልይዎት ማለት አፈርኩ። አዲስ አበባም ማን አነሳው ሲሉኝ እኔ ነኝ ማለት አፈርኩ። ፊኛው ባዶ ቢሆንም አይቼዋለሁ። አውፍ ይበሉኝ።»

አባባ ሰይዶ አንገታቸውን ቀና አድርገው አማቻቸውን አዩት። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። ኡበይድ ዓይኑን ለመስበር ፈለገ፣ አልሰበረም። ይህን ያህል እንኳ ይገባቸዋል ብሎ አሰበ። ሙባሪክ ተነስቶ ጫማውን ሳያጠልቅ በእጁ ይዞ ወጣ።

«ውሃ ስጪኝ» አሉ አባትየው ነዒማን። ጠጡ፣ ብርጭቆውን መለሱላት፣ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ። ኡበይድ እስከ ዐስር ሶላት ድረስ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። አዛኑ ሲጣራ ተነስቶ ሄደ።

ነዒማ አልጮኸችበትም፣ ዕቃዋንም ጠቅልላ አልሄደችም። ለሳምንት ያህል የሚያስፈልገውን ብቻ ስታናግረው ቆየች። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት፣ የሳሌሃን ፀጉር እየሠራች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«ያኔ ለኔ ብትነግረኝ፣ ውሃ ጠጥተው እንዲሄዱ አልነግራቸውም ነበር?»

ለኡበይድ ይህች መንገድ ጭራሽ አልታየችውም ነበር። ሁለት ወንዶች ሲተፋፈሩ መሀል ላይ የነበረችውን ሴት ማንም አልጠየቃትም። ኡበይድ በደረሰበት ሁሉ ያን ያህል ያፈረበት ቀን የለም።

ሙባሪክ ከዚያ ወዲህ አላናገረውም። ገበያ ላይ ካየው መንገድ ይሻገራል፣ የእሱ መሻገር ግን የአክብሮት አልነበረም። ወሬው ወጣ። ሆድ አንባቢው የአማቱን ማንበብ አቃተው ተባለ። ኡበይድ አላስተባበለም። ክሊኒኩ ውስጥ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ሽማግሌ ሲመጣ ራሱ ውሃ ቀድቶ ያቀርባል፣ ቃሉን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ያላወቀውን አላወቅሁም ብሎ ይጽፋል። አንዳንዱ ይህን አይቶ ሙያው ጠፋበት አለ። አባባ ሰይዶን መጠየቅም አልተወም፤ ገብቶ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፣ እሳቸው ዝም ይላሉ፣ እሱም ዝም ይላል። አውፍ ብያለሁ አላሉትም፣ አትምጣም አላሉትም።

በ2005 ሚያዝያ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ሙባሪክ ክሊኒኩ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል። ኡበይድ ሳይነገረው ገባው፣ እጀታዋን ሰቅሎ ወጣ።

«ከፈጅር ሶላት በኋላ ነው» አለ ሙባሪክ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ ወደ መሬት እያየ፣ «ኑዛዜ አላቸው። ኡበይድ ይጠበኝ ብለዋል።»

ኡበይድ በትክክል የሰማ አልመሰለውም።

«ስምህን ጠርተው ነው ያሉት» አለ ሙባሪክ። «እኔ እምቢ ብያቸው ነበር። ከእንግዲህ የምንተፋፈርበት የለም በለው አሉኝ።»

አብረው ሄዱ። ጀናዛው ከበስተኋላ ባለችው ክፍል ጣውላ ላይ ተጋድሟል። ከእምብርት እስከ ጉልበት ነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። አንድ ሽማግሌ ሥርዓቱን ሊነግሩት በሩ ጋ ቆሙ። ኡበይድ እጅጌውን ሰበሰበ፣ እጁ ላይ ጨርቅ ጠቀለለ፣ ቢስሚላህ አለ። መጀመሪያ ሆዳቸውን በቀስታ ጫን ጫን ማድረግ የእጥበቱ ሥርዓት ነው። ጫን አደረገ። እጁን በጨርቁ ሥር ሰዶ፣ ያን ጊዜ ያልደረሰበት ቦታ ሁሉ ደርሶ፣ ሳይቸኩል አጠበ። ሙባሪክ በማንቆርቆሪያ እያፈሰሰለት ነበር። የኡበይድ እንባ ከውሃው ጋር ይወርዳል፣ የሚጠርግበት እጅ አልነበረውም።

ውጭ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃል። ጊዜው ሄዷል። ሙባሪክ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጦ፣ ከዚያች ዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየው።

«አለቀ?» አለው።

«አላለቀም» አለ ኡበይድ። «ውሃ ጨምር።»

ሙባሪክ ማንቆርቆሪያውን አንስቶ ጨመረለት።